ላስቲክ ቤት ላይ ያየሁት ዲሽ

ልጆቼ፣ ይሄን ስነግራችሁ መጀመሪያ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ አልከለክላችሁም፤ እኔም ስቄ ነው የጀመርኩት። ግን ሳቃችሁ አፋችሁ ላይ እንደሚደርቅ ካሁኑ እወቁት።

ብርቄ እባላለሁ፣ ቡራዩ ነው የምኖረው። ፊደል የሚባል አላውቅም፤ ይሄንንም እኔ ሳወራ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፈው። "አሳምሬ ልጻፈው?" ስትለኝ "አርፈሽ ያልኩሽን ጻፊ" ብያታለሁ። ፊደል ባይኖረኝም አፍ አለኝ፤ አፌን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ስገባ "እማማ ብርቄን ከሐዘንተኛ አርቃችሁ አስቀምጧቸው" ይባላል። አንዴ የሟች ሚስት እኔ ባወራሁት ሳቅ ሲያመልጣት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነው ከጉድ የዳነችው።

ወደ ቡራዩ የመጣሁት መሀል ከተማ የነበረው የቀበሌ ቤቴ ለልማት ተብሎ ሲፈርስ ነው። አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት በግማሽ ቀን ሜዳ ሆነ። ልጄ እዚህ ቤት ሠርቶ ነበርና እሱ ጋ ገባሁ። ልጅ ባይኖረኝ የት እወድቅ እንደነበር እግዜር ነው የሚያውቀው። እንግዲህ ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ቤት ማጣት ምን እንደሆነ የማላውቅ አሮጊት አልነበርኩም። ግን ሰው ነኝና፣ ሁለት ክረምት ደረቅ አልጋ ላይ ስተኛ ረሳሁት።

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ ወደኛ ትሰፋለች በተባለበት፣ በማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ቢባልም ግርግሩ አልቀረም ነበር። ዛሬ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የጎማ ጭስ ነው። በዛው ክረምት ለችግረኛ ተብሎ ሦስት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ተሠሩና ለእነማን እንደሚሰጡ የሰፈር ሽማግሌዎች ምረጡ ተባልን። አምስት ነን። ዋናው ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ እርሻቸው ላይ ከተማ የበቀለባቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ጸሐፊያችን መምህር ታደለ ነው፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ። ሁለቱ ሌሎች ኦቦ ገመቹ ያሉትን ሁሉ "ልክ ነው" የሚሉ ናቸው። አምስተኛዋ እኔ። ለምን እንደመረጡኝ እኔንጃ፤ ስብሰባው እንዳይሰለች ይሆናል።

ቤት ለቤት መዞር ጀመርን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጣጣው ያለው እዚህ ነውና። በኛ ወግ እንግዳ ቤት ከገባ አፉን ሳያብስ አይወጣም። የሌላትም ብትሆን ጎረቤት ሄዳ ተበድራ ነው የምታቀርበው። እና እኛ ምን አደረግን? "እንዳናስቸግራቸው" ብለን ከደጃፍ ሆነን እንጠይቃለን። ግቡ ሲሉን "አይ፣ ቸኩለናል፣ ሌላ ቀን" እንላለን። ጨዋነት መስሎን ነው። ኦቦ ገመቹማ ባርኔጣቸውን እንኳ አያወልቁም፤ ካወለቁ ገቡ ማለት ነዋ። እኔ ደግሞ፣ ልዋሻችሁ እንዴ፣ ቁንጫም እፈራለሁ።

አንድ ቀን ከድንጋይ መፍጫው ጀርባ፣ ከመጋዘን አጥር ጋር የተለጠፈ ላስቲክ ቤት ደረስን። አስቴር የምትባል ሴት ወጣች። ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ለሰው ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው። እጇ በሳሙና ተበልቶ ነጭ ሆኗል።

"ግቡ እናንተ፣ ግቡ" አለች።

"አይ፣ አናስቸግርሽም" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"ኧረ ግቡ፣ በጌታ!"

"ቸኩለናል ልጄ።"

ሦስተኛም ለመነችን። አልገባንም። መምህር ታደለ ከደጅ ሆኖ "ስንት ናችሁ?" "ባልሽስ?" ይላል። በመፍጫው ጩኸት የምትመልሰውን የሚሰማው በግማሽ ነው። እኔማ ጭራሽ አልሰማሁም፤ ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበራ። ላስቲኩ ጣራ ላይ ትልቅ ዲሽ ተጋድሟል! ቀና ብዬ ዲሹን አየሁ፣ ጎንበስ ብዬ ደግሞ በሩን። በበሩ ቀዳዳ አልጋ ላይ የተዘረጉ ሁለት የወንድ እግሮች ታዩኝ። እኩለ ቀን ነው። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው።

በቃ፣ ለኔ አለቀ። ፈረድኩ።

ቀበሌ አዳራሽ ተሰብስበን ስሞቹ ሲነበቡ፣ የአስቴር ተራ ሲደርስ ኦቦ ገመቹ "እቺስ የሚታዘንላት ትመስላለች" አሉ። ይሄኔ እኔ ተነሳሁ።

"መምህር፣ እሷንማ ጻፋት! ብቻ የቸገራት ቤት አይደለም፣ ሪሞት ነው ብለህ ጻፍ!"

"እንዴት እማማ?"

"ላስቲክ ቤት ላይ ዲሽ ሰቅለው፣ ባልየው በቀን ተጋድሞ የቱርክ ድራማ ሲኮመኩም በዓይኔ አይቼ ነዋ! ቤት ብትሰጡት ሶፋ ይላችኋል!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ገመቹ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "ዱጋዳ፣ እውነቷን ነው" አሉ እየሳቁ። መምህር ታደለ እስክሪብቶውን አነሳ። ፊደል ባላውቅም መስመር አውቃለሁ፤ ስም ላይ ሲሰመር አየሁት። ከዛ እነሱ ፈረሙ፣ እኔ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ ተጫንኩ። ማታ ልጄ ራት እየበላ ያንኑ ቀልድ ለኔው መልሶ ነገረኝ፤ መንገድ ላይ ሰምቶት። ደስ አለኝ። ይሄን አልደብቃችሁም፣ ደስ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የድሮ ጎረቤቴ ታማ ልጠይቃት መሀል ከተማ ሄድኩ። ስመለስ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ ታክሲያችን ድንገት ቆመ።

"ውረዱ! ከዚህ ወዲያ አንሄድም፣ መንገድ ተዘግቷል!" አለ ረዳቱ።

"አንተ ልጅ፣ እኔን አዝለህ ማድረስ የለም?" አልኩት።

አልሳቀም። ያኔ ነው የፈራሁት። የታክሲ ረዳት ቀልድ ጠፍቶበት ካያችሁ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

በእግሬ ጀመርኩ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይነዳል፣ ሱቁ ሁሉ ተከርችሟል። ዋናውን መንገድ ትቼ በድንጋይ መፍጫው በኩል አቆራርጣለሁ አልኩ። ግማሽ ሳልደርስ ተኩስ ሰማሁ። እንደ በቆሎ ቆሎ ጠሽ ጠሽ ነው ያለው መጀመሪያ። ቀጥሎ ልጆች በጎኔ እየሮጡ አለፉ፣ አንዱ ዞር ብሎ "ሃዳ ኮ፣ ፊጊ!" አለኝ፤ እናቴ፣ ሩጪ ማለቱ ነው። እኔ መሮጥ ከተውኩ ሃያ ዓመቴ! ግን ሮጥኩ። ጭሱ ዓይኔን በርበሬ እንደተነሰነሰበት አቃጠለኝ፣ ምንም አላይም። ጭቃው አንድ ጫማዬን ዋጠው፣ እኔንም በአፍጢሜ ደፋኝ።

ተኩሱ ቀረበ። ልነሳ ብል ጭቃው መልሶ ጣለኝ። "ድንግል ማርያም፣ እንዲህ ጭቃ ለብሼ አትውሰጂኝ" አልኩ። ይሄኔ አንድ እጅ ብብቴ ስር ገብቶ እንደ ጆንያ አነሳኝ። የማን እንደሆነ አላየሁም። እየጎተተ ወሰደኝ፣ ላስቲክ ገለጠ፣ ወደ ውስጥ ገፋኝ።

"ይቀመጡ፣ መሬት ላይ ዝቅ ይበሉ። እንዳይቆሙ!" አለኝ የሴት ድምፅ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ዓይኔ በውሃ ታጠበልኝ። ቀስ በቀስ አንድ አልጋ፣ አንድ የልብስ ዘንቢል፣ የሰባት ዓመት ገደማ ሴት ልጅ ታዩኝ። አልጋው ላይ ሰው ተኝቷል። እዚህም ላይ፣ ልጆቼ፣ አፌ አላረፈም። ነፍሴ ወደ ቦታዋ ስትመለስ መጀመሪያ የተመለሰው ምላሴ ነው።

"ምነው ጎልማሳው፣ አሮጊት ስትገባ ብድግ አይባልም?"

ከዛ ሰውየው ቀስ ብሎ፣ በትህትና፣ "እንኳን ደህና መጡ እናቴ። ተነስቼ ባልቀበልዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ።

"አባቢ መነሳት አይችልም" አለች ልጅቷ። "ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ ነው። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም።"

የሴትየዋን ፊት ያኔ ነው ያየሁት። አስቴር ናት።

እግሮቹን አየሁ። እነዛው እግሮች ናቸው፣ እንደዛው ተዘርግተው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተነቃነቁም ማለት ነው።

ዝናቡ መጣ። የቡራዩን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ አይንጠባጠብም፣ ይገለበጣል። ላስቲኩ ላይ ሲወርድ የምንናገረው አይሰማም። ጥግ ጥጉ ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ አስቴርና ልጅቷ ዕቃውን ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳሉ። ከአልጋው በላይ ግን ጠብ አይልም፣ ቷ ቷ የሚል የቆርቆሮ ድምፅ ብቻ ነው። ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። ከዛ በዓይኔ ቴሌቪዥን ፈለግኩ። ቴሌቪዥን የለም። ሽቦ የለም። መብራትም የለም።

"አስቴር፣ ያ ላይ ያለው..."

"ዲሹ ነው?" አለች። "ቆሻሻ መጣያ ነው ያገኘሁት። ላስቲኩ ከባለቤቴ በላይ ተቀዷል። እኛስ ሲዘንብ ወዲህ ወዲያ እንላለን፣ እሱ ፊቱ ላይ ሲንጠባጠብበት መዞር አይችልም። ሌሊት ነቅቼ ሳየው አፉን ገጥሞ ዝም ብሎ ይደበደባል። እንዳይቀሰቅሰኝ ብሎ።"



ይሄኔ ነፋስ መጣ። ከላይ ገጭ አለና ዲሹ ተንሸራተተ። ውሃው ማቴዎስ፣ ባሏ ማቴዎስ ነው ስሙ፣ ደረቱ ላይ ተዘረገፈ። አስቴር ብድግ አለች።

"የት ነው? ይተኩሳሉኮ!" ብዬ ቀሚሷን ያዝኩ።

"አስቴር፣ ተይው! ውሃ ነው፣ አይገድለኝም!" አለ ማቴዎስ።

ቀሚሷን ከእጄ ነጥቃ ወጣች። ጣራው ላይ እጇ ሲዳብስ በላስቲኩ ውስጥ ይታየኛል። ተኩስ ተሰማ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በጣም ቅርብ። እጁ ጠፋ። ልጅቷ ጮኸች። እኔ ልጅቷን አቅፌ ጸሎት ብል ጸሎቱ ጠፋኝ፣ የታየኝ ያ መስመር ነው፣ መምህር ታደለ ስሟ ላይ ያሰመረው። ማቴዎስ በሁለት እጁ አልጋውን ይዞ ለመነሳት ይታገላል፣ ግማሹ ይነሳል፣ ግማሹ እምቢ ይላል።

እጇ ተመለሰ። ዲሹ ተጎተተ፣ ድንጋይ ተጫነበት። አስቴር በጭቃ ተለውሳ በአራት እግሯ ገባች። "ተኝቼ አሳለፍኩት" አለች፣ ልብስ አጥባ እንደመጣች ሁሉ።

ልጅቷ ገና እቅፌ ውስጥ ናት። ላረጋጋት ብዬ "ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?" አልኳት።

"በረከት። ልጆች ግን ዲሽ ነው የሚሉኝ።"

"ማ?"

"ዲሽ። እማዬን ደግሞ ሪሞት ይሏታል። አንዲት አሮጊት ናት አሉ ያወጣችልን።"

"በረከት፣ ዝም በይ!" አለች አስቴር።

ቀና ብዬ አየኋት። አላስፈለገም፣ ግን ጠየቅኳት። "አውቀሽኛል?"

"አውቄዎታለሁ። ስሜ እስኪነበብ ከአዳራሹ መስኮት ስር ቆሜ ነበር። ቀልዱ በደንብ አልተሰማኝም፤ ሳቁን ነው የሰማሁት።"

"ታዲያ ምን ብለሽ አነሳሽኝ? ጭቃ ውስጥ ትተሽኝ ብትገቢስ?"

ግራ ገባት። የጠየቅኳት ያልገባት መሰለች። "ወድቀው ነበራ" አለች።

ተኩሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋብ አለ። ልሄድ ስነሳ አስቴር የራሷን ጫማ አንዱን አወለቀችልኝ። ያን ጫማ ይዤ "ነገ ተነሱና እኔ ጋ ኑ። ከጀርባ ክፍል አለን፣ ከሰልና አሮጌ ጎማ ነው ያለበት፣ አስጠርገዋለሁ" አልኳት።

"እማማ፣ እኔ ቤትዎን አልለመንኩም" አለች። አልተቆጣችም፣ ይሄ ነው የከፋው። "ማቴዎስ ሰነፍ አይደለም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ብሎኬት ይሸከም የነበረ ሰው ነው። ሰነፍ ነው ያሉበት ቦታ ሄደው ቃልዎን ይመልሱልኝ። ከዛ በኋላ ስለ ቤቱ እናወራለን።"

መንገዱ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ገብቼ ሳልቀመጥ ጀመርኩ። "ዋሽቻለሁ። ዲሹ ዲሽ አይደለም። ጣራ ነው። ሰውየው ድራማ አያይም፣ ሽባ ነው።"

አንዱ ፈገግ አለ። "እማማ ብርቄ ደግሞ ዛሬ ምን አምጥተው ነው" አለ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሲያዩኝ ባሰባቸው! የማስመስል መሰላቸዋ፤ ከዚህ በፊት ስንቴ አልቅሼ አስቂያቸዋለሁ። መምህር ታደለ ሆዱን ይዞ "ኧረ ይተዉን፣ ሊገድሉን ነው!" ይላል። ባለቀስኩ ቁጥር ይስቃሉ። የዘራሁት ሁሉ በቅሎ እላዬ ላይ ቆመብኝ። ዲሹን አምጥቼ አላሳያቸው ነገር፣ ባነሳው ሰውየው ላይ ይዘንባል።

"ተነሱ!" ብዬ ጠረጴዛውን በከዘራዬ መታሁት። "ተነሱና እንሂድ! ያልመጣ ጣቴን ከወረቀቱ ላይ ይፋቅልኝ!"

መጡ፤ ግማሹ ለቀልዱ ብሎ። አስቴር ወጣች። "ግቡ" አለች።

"አይ፣ አናስቸግርሽም" አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ከልማዳቸው።

"ግባ!" አልኳቸው። አንቱታውም ጠፋኝ። ጀርባቸውን በሁለት እጄ ገፋሁት። "ግባና ተቸገር!"

አጎንብሰው ገቡ፣ የላስቲኩ ጣራ ቀና አያስብልም። ሌሎቹም ተከተሉ። ከውስጥ ያቺው ድምፅ ወጣች፤ "እንኳን ደህና መጣችሁ አባቶች። ተነስቼ ባልቀበላችሁ ይቅርታ።"

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ላይ ዲሹን አዩ፣ ወደ ታች እግሮቹን አዩ። "ያ ዋቃ" አሉ፣ አምላኬ ማለታቸው ነው። መምህር ታደለ ደብተሩን ከደረቱ ጋር አጣብቆ ከበሩ ጥግ ቆመ። አስቴር ጎረቤት ሄዳ ያመጣችውን ቆሎ በሰሐን አቀረበችልን። በላን። አንድም ሰው አልሳቀም።

ቤቱ ተሰጣቸው የምትሉ ከሆነ፣ አልተሰጣቸውም። ሦስቱም ቁልፍ ተሰጥቶ ነበር። አንዱ ለዓይነ ስውር፣ አንዱ መንታ ለምታጠባ ሴት፣ አንዱ ከኔ ለባሰች አሮጊት። ኦቦ ገመቹ "ማንን አስወጥተን ነው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? እውነት ነው። አፌ አንድ ጊዜ ያፈሰሰውን የሚሰበስብ ሹም የለም።

ሽማግሌዎቹ በገቡበት ቀን አስቴር እኔ ጋ ለመምጣት "እሺ" አለችኝ። የከሰሉን ክፍል ራሴ ጠረግኩት። ማቴዎስን በቃሬዛ አወጣነው፣ የተሸከሙት እነዛው "አናስቸግርሽም" ባዮች ናቸው፣ ኦቦ ገመቹ በፊት በኩል። መሀል መንገድ ላይ ካፊያ ጀመረ። በረከት ሮጣ ተመልሳ ዲሹን አመጣችና በሁለት እጇ ከአባቷ ፊት በላይ ይዛ እስከ ግቢዬ ድረስ በጎኑ ሄደች። ሰፈሩ ከየበሩ ወጥቶ ያያል። ከልጆቹ አንዱም "ዲሽ" ብሎ አልጠራትም።

ሁለት ዓመት ከኛ ጋ ኖሩ። በሁለተኛው ዙር ክፍል ደረሳቸው። ማቴዎስ አሁን ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል፣ ጉልቻ የሚያህለውን የኔን ቦት ጫማ ሳይቀር እሱ ነው የሚጠግነው። ዲሹ እኔ ጋ ቀረ፣ ዶሮዎቼ ውሃ ይጠጡበታል።

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ፣ የምታነቡኝን። ሰው መንገድ ዳር ላስቲክ ወጥሮ ስታዩ ምን ትላላችሁ? "ጉልበት እያለው"፣ "ለምን ወለደ"፣ "ያገኘውን በልቶት ነው"። ሰነፍ የለም አልላችሁም። አለ። የሟቹ ባሌ ወንድም አለ፣ ሥራ ሲባል የሚያስነጥሰው። ለራስ ማሰብም የሰው ግዴታ ነው። ግን እኔ ለአስቴር የፈረድኩት ስለሷ አውቄ አይደለም። ሰው ቤት የሚያጣው በራሱ ጥፋት ነው እንዲሆንልኝ ስለፈለግኩ ነው። እሷ አጥፍታ ከሆነ እኔ ዳግም ቤት አላጣም ማለት ነዋ! እኔ ባጠፋሁት ነገር አልነበረም ቤቴ የፈረሰው፤ ይሄን እያወቅኩ ነው የፈረድኩት። አሁን መቀለድ ትቻለሁ ብላችሁ ማንም አያምነኝም፣ አልተውኩምም። ብቻ አስቀድሜ እገባለሁ። ቁንጫው ይብላኝ።

ባለፈው ሳምንት በረከት ልትጠይቀኝ መጣች። አሁን ረጅም ቆንጆ ልጃገረድ ናት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትደርስ ነው። ስትወጣ ነጠላዋን ረስታ ስለነበር በሩ ላይ ሆኜ "በረከት! በረከት!" እያልኩ ጠራኋት። አልሰማችኝም። ከመንገዱ ማዶ አንድ የክፍሏ ልጅ "ዲሽ!" አላት።

እየሳቀች ዞረች።